የእብናት ቅቤ፣ የእብናት ውሃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ፣ ወረታን አልፋችሁ፣ የፎገራን የሩዝና የሽንኩርት ማሳ እያያችሁ ስትጓዙ አዲስ ዘመን ከተማ ትደርሳላችሁ። እዚያ አስፋልቱን ለጎንደር መንገደኞች ትታችሁ ወደ ምሥራቅ ከታጠፋችሁ መንገዱ እብናት ያገባችኋል። ከጣና ዙሪያ በራቃችሁ ቁጥር አገሩ እየደረቀ፣ ድንጋዩ እየበዛ፣ ዛፉ እየሳሳ ይሄዳል። ከእብናት ወዲያ ደግሞ መሬቱ ወደ በለሳ ያዘቀዝቃል።

እብናት ለቱሪስት ብሮሹር የምትመች ከተማ አይደለችም። ግንብ የላትም፣ ሐይቅ የላትም። በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚሉ አንባቢዎች ስሟን የሚያስታውሱት ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ይሆናል፤ ያኔ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተረጂዎች የተጠለሉባት ቦታ ነበረች። እኔ የሄድኩት ለሠርግ ነው። የእናቴ የአጎት ልጅ፣ እኔ “እትዬ” የምላቸው ሴት፣ ልጃቸውን በጥር ሊድሩ ጠርተውን አንድ ሳምንት ከረምኩ። ስመለስ ማስታወሻዬ ላይ ሞልቶ ያገኘሁት ግን ከሠርጉ ይልቅ የቆዳ ነገር ነበር።

የሙያ አመል ሳይሆን አይቀርም። የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ሱፐርማርኬት ስገባ ከዕቃው በፊት የዕቃውን ጽሑፍ ነው የማነበው። በሎሽኑ፣ በሳሙናው፣ በሻምፖው ላይ የማያልቀው ቃል “ናቹራል” የሚለው ነው። ቃሉ ጥሩ ይሸጣል፤ ዋጋም ያስጨምራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንኳ ለመዋቢያ ዕቃዎች “ናቹራል” ማለት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ደንግጎ አላስቀመጠም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ቅጠል የሣለ ሁሉ ሊለው ይችላል። እብናት ውስጥ ግን ቃሉን የሚያውቀው ሰው አላጋጠመኝም፤ ነገሩን የሚያውቁት ግን ብዙ ናቸው።

የደጋ ፀሐይ

መጀመሪያ ያደርኩት ደብረ ታቦር ነው። ከባሕር ዳር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማዋ ያለችው 2700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከአጠገቧ ከ4100 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ተራራ ቆሟል። የጥር ነፋስ ከዚያ ሲወርድ አጥንት ይሰብራል። እኔም እንደ አዲስ አበባ ሰው “ብርድ ነው” ብዬ ስለ ፀሐይ አላሰብኩም ነበር፤ በማግስቱ ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ አፍንጫዬ ላይ ቆዳው ተላጠ።

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። በየ1000 ሜትሩ ከቆዳ ጋር የሚጋጨው የማይታየው ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ይህን አይቀንሰውም። ቆዳችን ጥቁር ወይም ጠይም መሆኑ ብዙ ይከላከልልናል፤ ማድያትን፣ የከንፈር መቃጠልንና ያለጊዜው መጨማደድን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። በነጠላ እስከ ግንባራቸው የተከናነቡትን፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የያዙትን የደብረ ታቦር ሴቶች ያየ ሰው አገሩ ሳንስክሪን ከመምጣቱ በፊት ምን ይጠቀም እንደነበር አይጠፋውም። ነጠላ አያልቅም፣ ላብ አያጥበውም፣ ዋጋው በዶላር አይወጣም አይወርድም።

በማግስቱ ከንፈሬ ጠርዝ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ነገሮች ወጡ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ገና ሲያዩኝ “ምች ነው የመታሽ” አሉና ከጓሯቸው ዳማ ከሴ ቆርጠው መጡ። በሐኪም ቋንቋ ይህ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲቀሰቅሰው ከንፈር ላይ ብቅ ይላል። የእኛ ሰው ቫይረሱን ባያየውም ፀሐይ እንደምትቀሰቅሰው ከድሮ ጀምሮ ያውቃል፤ “ፀሐይ ላይ በልተሽ ነው” የሚለው የእናቶች ቁጣ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ዳማ ከሴው ሽታው ደስ ይላል፤ ከንፈሬ ግን በሳምንቱ ነው የዳነው፣ ያለ ዳማ ከሴም ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ነው የሚፈጅበት።

የገበያ ቀን

እብናት በገባሁ በሦስተኛው ቀን እትዬ ገበያ ይዘውኝ ወጡ። ለሠርጉ ቅቤ ሊገዙ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ የውበት ዕቃ አንድ ጥግ አለው፤ እዚህ ግን እንዲያ ብሎ የተለየ ነገር የለም። ቅቤው ከማሩ አጠገብ ነው፣ እንዶዱ ከጨው አጠገብ፣ አደሱ ከቅመሙ ጋር። ጸጉር የሚቀባው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ሆድ የሚያሽረው በአንድ ጆንያ ላይ ተዘርግቷል።

እትዬ ቅቤ ሲገዙ ማየት ትምህርት ቤት መግባት ነው። መጀመሪያ ያሸታሉ። ቀጥሎ በጥፍራቸው ትንሽ ቆንጥረው በአይበሉባቸው ላይ ያሹታል፤ ቶሎ ቀልጦ ከገባ ለጋ ነው፣ ከተንከባለለ አንድ ነገር ተደባልቆበታል። አንዷን ሻጭ “አንቺ፣ ይኼ ሙዝ ነው ቅቤ?” ብለው አሳቋት። ለጸጉር ከሆነ ለጋው ይመረጣል፤ አደስ ተወቅጦ ይለወስበትና ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ለወጥ ሲሆን በሳል ይሁን ቢባልም ግድ የለም።

ቅቤ ቆዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ምሥጢር የለውም። ከቆዳችን ውስጥ ውሃ ሁልጊዜ ይተናል፤ ደረቅ አየርና ነፋስ ደግሞ ያባብሱታል። ከላይ ስብ ሲቀባ እንደ ክዳን ሆኖ ውሃውን ያስቀረዋል። ቅቤ ከመቶው 80 ገደማው ስብ ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቫዝሊንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነታቸው ቫዝሊን አይሻግትም፤ ቅቤ ግን ውሃና የወተት ትራፊ ስላለበት ከቀናት በኋላ ሽታው ይለወጣል፣ አቧራም ይይዛል። ብጉር የሚያስቸግረው ወጣት ፊቱን ቅቤ ቢቀባ ብጉሩ ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በተቃጠለ ቆዳ፣ በክፍት ቁስልና በአራስ ልጅ እትብት ላይ ቅቤ አይነካም። እትብት ላይ የተቀባ ቅቤ መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል እንደሚችል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዶድ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት አጠገብ ብዙ ቆምኩ። ዘመናዊው ሳሙና በየሱቁ ቢሞላም ለነጭ ሸማ ከእንዶድ የተሻለ የለም ይላሉ፤ ጥለቱን አያደበዝዘውም፣ ጨርቁን አያሻክረውም። ፍሬው ውሃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለበት ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ቢልሃርዚያን ወደ መከላከል ምርምር የገቡት፤ እሳቸውና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ለፊት ቆዳ ቀላል እንደማይሆን መገመት አያስቸግርም። አሮጊቷም “ዓይንሽን እንዳይነካሽ፣ ለልብስ ነው” ብለው ነው የሸጡልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በእንዶድ የተሠራ የፊት መታጠቢያ ሲሸጥ ባይ ይኸው ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት እንደሆነ ነው መጀመሪያ የምፈልገው።

እሬትም ነበር። ጡት ለማስጣል ጡታቸው ጫፍ ላይ የሚቀቡ እናቶች ስላሉ ልጆች ገና ሳይናገሩ ምሬቱን ያውቁታል። ከቅጠሉ ውስጥ ያለው ዝልግልግ በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳን ያቀዘቅዛል፤ ከልጡ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ግን ያሳክካል። ቀንጥሳችሁ ስትጠቀሙ ቢጫው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ አዘቅዝቃችሁ አቁሙት።

አንድ ነገር ከገበያው ተከትሎኝ መጣ። ቅቤ ከሚሸጡት ሴቶች አብዛኞቹ ጸጉራቸው ደረቅ፣ ተረከዛቸው የተሰነጠቀ ነበር። ለምን ራሳቸው እንደማይቀቡ እትዬን ጠየቅኳቸው። “ልጄ፣ ቅቤው ደብተርና ጨው ነው” አሉኝ። ዘይት፣ የትምህርት ቤት ልብስ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያች በቅጠል ከተጠቀለለች ቅቤ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ “የገጠር ሴት ምሥጢር” እያልን የምንሸጠውን ነገር ባለምሥጢሯ ለበዓል ካልሆነ አትነካውም።

እግር ማጠብ

የዚያን ዕለት ማታ ከገበያ ደክሜ እንደተመለስኩ የእትዬ ትንሿ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሙቅ ውሃ በሳህን ይዛ እግሬ ሥር ተቀመጠች። አይሆንም አልኩ፤ ራሴ እታጠባለሁ ብዬ ተግደረደርኩ። እትዬ ተቆጡ። “የእንግዳ እግር ሳይታጠብ በእኔ ቤት አያድርም፣ በሞቴ ተቀመጭ።”

ልጅቷ ከጉልበቴ በታች ጀምራ አወረደችው። ተረከዜን በድንጋይ ፈገፈገችው። ሳሙናውን ካስለቀቀች በኋላ በጨርቅ በእያንዳንዱ ጣት መሃል እየገባች አደረቀች፤ እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ከዚያ ትንሽ ቅቤ በመዳፏ አቅልጣ ተረከዜን አሸችው። ሲያልቅ እግሬን ሳመች፤ ወግ ነው። በዚያ ሌሊት እንደ ተኛሁት እንቅልፍ በቅርብ ተኝቼ አላውቅም።

ይህን የምተርከው ለናፍቆት አይደለም። በቀይ አፈር ደጋዎቻችን “ዝሆኔ” የምንለው፣ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ አለ፤ ሳይንሱ ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ይገባና የእግሩን የፈሳሽ መተላለፊያ ያቆስለዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። ታዲያ ሐኪሞች ለታማሚውም ለጤነኛውም የሚሰጡት ምክር ምንድነው? እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መሃል በደንብ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ከጫማው በቀር ሁሉንም ያቺ ልጅ አድርጋልኛለች። ቀን ቀን እሷ ራሷ የምትሄደው በተበጠሰ የፕላስቲክ ሸበጥ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ከየት እንደመጣ ለማየት አብሬያት ወረድኩ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ቁልቁለቱ ቀላል ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም፣ አቀበቱም ረጅም። ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን፤ እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ተሸንፌ ጀሪካኑን መልሳ ተሸከመችው። ማታ እግሬ የታጠበበት ውሃ ሩብ ጀሪካን ያህል ነበር።

“በጥር እንዲህ ከሆነ ግንቦት ላይስ?” አልኳት።

“ግንቦት ላይማ ፊት ነው የምንታጠብ። ልብስ ይቆያል።”

እከክ የሚወደው ይህንን ነው። እብናት የሴፍቲኔት ድጋፍ ከሚደረግላቸው የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ዝናብ ሲቀር መጀመሪያ የሚጎድለው ምግብ ብቻ አይደለም። በ2008ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል በእከክ የተያዙ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ተለይተዋል። ድርቅ ሲመጣ ያለው ውሃ ለመጠጥ፣ ለምጣድና ለከብት ይሆናል፤ ሰው በአንድ ልብስ ይከርማል፣ በአንድ ቤት ተጠጋግቶ ያድራል፣ ጥቃቅኑ ነፍሳት ከቆዳ ወደ ቆዳ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ከተማ ያለን ሰዎች እከክ የእኛ ጉዳይ አይመስለንም፤ በሕፃናት መዋያና በአዳሪ ትምህርት ቤት በኩል ግን ቤታችን ይገባል። ልጃችሁ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክከው ከሆነ፣ በጣቶቹ መሃል፣ በእጁ አንጓና በእምብርቱ ዙሪያ ሽፍታ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቅባቱ ለእሱ ብቻ ከተሰጠ ይመለሳል፤ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛዋን ጨምሮ፣ በአንድ ቀን መቀባት አለበት። አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ለቀናት ይቆያል። ይህን የሚተካ የቅጠል ጭማቂ የለም።

የሙሽራዋ ቱቦ

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሙሽራዋ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ሃያ ዓመት አልሞላትም ብዬ ሰግቼ መጀመሪያ ዕድሜዋን ነበር የጠየቅኳት፤ ሃያ አንድ ናት፣ ኮሌጅ ጨርሳለች። ከሳጥኗ ሥር አንዲት የክሬም ቱቦ አወጣች። ከባሕር ዳር ጓደኛዋ የላከችላት ነው። ላዩ ላይ የነጣች ሴት ፊት አለበት፤ የተጻፈበትን ቋንቋ እሷም እኔም አናነበውም። “እታለም፣ ለቪዲዮው ትንሽ ቀላ ብል ብዬ ነው። ጥሩ ነው?” አለችኝ።

ልጅቷ ጠይም ናት። እኛ እኮ የሰውን መልክ በአንድ ቃል አንጨርስም፤ ቀይ አለ፣ የቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ፣ አሳ መሳይ ጠይም ደግሞ ለብቻው አለ። ዘፋኞቻችን ለጠይም ያላወረዱት ውዳሴ የለም። ሆኖም የቪዲዮ አንሺው መብራት ሲመጣ ሁሉም ቀይ መሆን ይፈልጋል። ይህን ፍላጎት ከፈጠሩት ውስጥ የእኔ ሙያ አንዱ ነው። ቱቦዋ ላይ ያለችውን ሴት የመረጠው እንደ እኔ ያለ የቢሮ ሰው ነው።

የማውቀውን ነገርኳት። ፊት በቀናት ውስጥ የሚያቀላ ክሬም ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ አለበት። አንዱ ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ የሚያጠባ ልጅ ላለው ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ከመዋቢያ ክሬሞች ካስወጣው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ጉንጭ ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ይተዋል። ሦስተኛው ስቴሮይድ ነው፣ ለችፌና ለመሳሰሉት ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዘው ጠንካራ መድኃኒት። ስቴሮይድ መጀመሪያ ፊትን ያሳምራል፤ ጥርጣሬን የሚያጠፋውም ይኸው ነው። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይፈላበታል፤ ስታቆሚው ደግሞ ያቃጥላል፣ ይቀላል፣ እንደገና እንድትቀቢ ያስገድድሻል። አዲስ አበባ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ከዚህ ለመውጣት አንድ ዓመት ተኩል ወስዶባታል፤ ቢሮ ውስጥ መስኮት ዳር መቀመጥ አትችልም ነበር።

ሙሽራዋ ዝም ብላ ሰማችኝ። “ለሦስት ቀን ብቻ ቢሆንስ?” አለች። ሦስት ቀን ያን ሁሉ አያመጣም፤ እውነቱን ነገርኳት። ችግሩ ከሠርጉ በኋላ ሰው “አማረብሽ” ካለ አራተኛውን ቀን የሚከለክላት አለመኖሩ ነው። ቱቦዋን ወደ ሳጥኗ መለሰችው። ጣይው ብዬ አልጨቀጨቅኳትም፤ ትልቅ ሰው ናት።

በዚያው ማታ ሴቶቹ ተሰብስበው እንሶስላ አስሞቋት። ሥሩ ተወቅጦ በእጇ መዳፍና በእግሯ ዙሪያ ተለጠፈ፣ በቅጠል ተሸፈነ፣ በጨርቅ ታሰረ። እጅና እግሯ እንደታሰረ ማንም ሥራ ሊያዛት አይችልም፤ እያጎረሷት፣ ውሃ እያጠጧት፣ ሲስቁባት አመሹ። ጠዋት ሲፈታ መዳፏ እንደ ደረቀ ወይን ጠጅ ቀልቷል። ቆዳዋ ለስላሳ ነበር፤ ከእንሶስላው ይሁን ሌሊቱን ሙሉ እጇን አሳርፋ ከማደሯ እንጃ። ጸጉሯ በአደስ ቅቤ ተሠራ። ግን ከአዲስ ዘመን የመጣችው ሜካፕ አርቲስት በሠርጉ ዕለት ከቆዳዋ ሁለት ደረጃ የነጣ ፓውደር ቀባቻት፤ አንገቷና ፊቷ የሁለት ሰው መሰሉ። እትዬ ቪዲዮውን ሲያዩ “ይቺ የማን ልጅ ናት?” ማለታቸው እስካሁን ቤተሰቡ ውስጥ መሣቂያ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ

ወደ ደቡብ ጎንደር የምትጓዙ ከሆነ መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታውን በዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደስ ይላል። ሰፊ ባርኔጣ፣ የከንፈር ቅባትና ሳንስክሪን ያዙ፤ ልጆች ካሉ ፀሐዩ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጥላ ሥር ቢያሳልፉ ይመረጣል። ጊዜ ከተረፋችሁ በደራ ወረዳ ያለው ዋንዛዬ ፍል ውሃ አለ፤ ለመገጣጠሚያና ለቆዳ ብሎ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ሙቅ ውሃ ድካም ያወጣል፤ ነገር ግን ደረቅ ቆዳን የበለጠ ያደርቃል፣ ስለዚህ ከወጣችሁ በኋላ ሰውነታችሁ ገና እርጥብ እያለ ቅባት ተቀቡ። ይህ የቤት ሻወርንም ይመለከታል። ክፍት ቁስል ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና ልቡን የሚያመው ሰው ባይገባ ይሻላል። የቆየ፣ ስሜት የሌለው ነጭ ቦታ ወይም የማይድን ቁስል ካለ ደግሞ ከፍል ውሃም ከእሬትም በፊት ወደ ሐኪም ነው።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ለእትዬ ቤት አንድ ካርቶን ላክሁ። ትልልቅ ቫዝሊኖች፣ ለትንሿ ልጅ ሸራ ጫማ፣ ለሙሽራዋ ሳንስክሪን። ከወር በኋላ ሙሽራዋ ደወለች። ጫማው ልክ ነው፤ ሳንስክሪኑን ባሏ ነጠቃት፣ ማሳ ሲውል ይቀባዋል። ቱቦዋን አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላነሳችውም።

“ቫዝሊኑስ?” አልኳት።

ሳቀች። እትዬ ላሚቱን ሲያልቡ ጡቷን የሚያለሰልሱት ለጋ ቅቤ እየቀቡ ነበር። አሁን በቫዝሊን ነው የሚያልቡት፤ የተረፈው ቅቤ ገበያ ይወጣል።